ጾምና ጆይስቲክ

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለች ፕሌይስቴሽን ቤት መብራት ጠፍቶ ልጆቹ እያጉረመረሙ ተበትነዋል። የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ በረንዳው ላይ ቡና አቅርበዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወጣት ዲያቆን ነው፤ እንጀራው ኮምፒውተር ነው። በቅንፍ የገባው የጸሐፊው ነው።

ዲያቆን፦ እትዬ፣ ለወቀሳ ነው የመጣሁት። ቡናውን ሳልጠጣ ልንገርዎ።

እትዬ፦ ጠጥተህም ልትወቅሰኝ ትችላለህ። ቄሱ ወቅሰውኛል፤ የመስጊዱ ሼህ ወቅሰውኛል፤ ባለፈው ደግሞ ፓስተሩ እዚሁ ቆመው ሰብከውኛል። ሦስታችሁንም በአንድ ነገር ያስማማሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዲያቆን፦ የፍልሰታን ነገር ያውቁታል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሕፃኑ ሳይቀር ይጾማል። ከቀትር ጀምሮ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ። የቆረበ ሰው እንኳን ሊጮህና ሊፎክር፣ ምራቁን አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም። የኔዎቹ ግን ነጠላቸውን ሳያወልቁ መንገዱን ይሻገራሉ። ትንሽ ቆይቶ የ«ጎል!» ጩኸታቸው ግቢያችን ድረስ ይሰማል።

እትዬ፦ ነጠላቸውን አጥፈው የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ አሠርቼላቸዋለሁ። እሱም ጥፋት ከሆነ ጻፍብኝ።

ዲያቆን፦ እያሾፉብኝ ነው።

እትዬ፦ አላሾፍኩም። ይልቅ እዚህ በር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርህ። ሃይማኖት ልጁን ከጌም አያስቀረውም፤ ሰዓቱን ነው የሚያዛውርበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያዬ የሚቀዘቅዝ ይመስልሃል? ይሞቃል እንጂ! ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሠርግ የለም፤ መጠጥ ቤት ያመሽ የነበረው ይታቀባል። ያ ሁሉ ጎልማሳ የት ይግባ? እኔ ጋ መጥቶ ኳስ ይጫወታል። በረመዳን ደግሞ ከዙህር እስከ ዐስር ወንበር አይገኝም። መግሪብ ሲደርስ ቤቱ በአንድ ጊዜ ወና ይሆናል፤ ከተራዊሕ በኋላ ትልልቆቹ ይመለሳሉ። የፋሲካ ዕለት ብትመጣ ግን ዝንብ አታገኝም። ሁሉም ዘመዱ ቤት ነው።

ዲያቆን፦ እንግዲያው የኛ ጾም የእርስዎ መኸር ነዋ!

እትዬ፦ ምን ላድርግ? አንድ ልጅ ምን አለኝ መሰለህ፤ «እትዬ፣ ጌም ጾሙን ያስረሳኛል፤ ሳላስበው ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።» እኔ ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

ዲያቆን፦ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የተረሳ ጾም ምን ጾም ነው? ዓይንም ጆሮም አንደበትም ይጹም እያልን ነው የምናስተምራቸው። ልጁ ከሆዱ የቀነሰውን ለዓይኑ ጨመረለት ማለት ነው።

እትዬ፦ አንተ ረሃብህን እያዳመጥክ ነው የምትጾመው? እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የምጾመው፤ እናትህም እንደዚያው። ሥራ ያስረሳል፤ ወሬም ያስረሳል። የሰበካ ጉባኤያችሁ ሰውዬ እንኳ ስብሰባ ላይ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይዞ ካንዲ ክራሽ ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ። የአዋቂው ማስረሻ አይቆጠርም፤ የልጁ ግን ይቆጠራል።

ዲያቆን፦ (ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት) እሱን አላየሁም ልበል። መቼም ጨዋታ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ሰው የአባቶችን ዜና አላነበበም። አባ እንጦንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት፣ ሲሳሳቅ አንድ አዳኝ አይቶት ተሰናከለ። እንጦንስም «ቀስትህን ወጥር» አለው፤ ወጠረ። «ጨምር» አለው፤ ጨመረ። አሁንም ጨምር ሲለው አዳኙ እምቢ አለ፤ ከዚህ በላይ ከተወጠረ ይሰበራላ! የመነኮሳት አባት የሚባለው ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያስተማረው።

እትዬ፦ ይህን ታሪክ ለቄሱ ንገርልኝ። ታዲያ አንተ የጠላኸው ምኑን ነው? ፓስተሩ «ሰይጣን አለበት» ይላሉ፤ ሼሁ «ጣዖት ያሰግዳል» ይላሉ።

ዲያቆን፦ ሼሁ ከመሬት ተነሥተው አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ፐብጂ ሞባይል ላይ አንድ አዲስ የጫካ ጨዋታ መጣ፤ ተጫዋቹ የተጠረበ ምስል ፊት ቀርቦ ኃይል የሚቀበልበት። ኩዌትን በመሰሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙስሊሞች «ይህማ ስግደት ነው» ብለው ተቆጡ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አነሣው። በ2007 ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማንችስተር ካቴድራል ውስጥ ተኩስ የሚያሳየውን የሶኒን ጨዋታ ተቃውማ ሶኒ ይቅርታ ጠይቋል። ካቴድራሉ እኮ የከተማዋን ወጣቶች ከጠመንጃ ለማራቅ የሚሠራ ነበር። በዓመቱም ሶኒ ሊትል ቢግ ፕላኔት የሚባለውን የልጆች ጨዋታ ዓለም ላይ ሊያሰራጭ ሲል አዘገየው፤ ምክንያቱ አንዱ ዘፈን ውስጥ የቁርኣን ቃል መገኘቱ ነው። ዘፈኑ የማሊው ቱማኒ ዲያባቴ ነው፤ እሱ ራሱ ሙስሊም ነበር።

እትዬ፦ ሙስሊሙ ለአምላኩ ክብር ብሎ ያስገባውን?

ዲያቆን፦ አዎ፤ በማሊ ወግ ነውር የለበትም። ግን ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ሥዕሉና ስለ ድምፁ ነው። ምስሉ ከጫካው ተነሣ፤ ተጫዋቹ ስልኩ ላይ የሚያፈጥበት ጊዜ ግን በአንድ ደቂቃ እንኳ አላጠረም። እኛ የሃይማኖት ሰዎች ጌም ውስጥ ያለውን ጋኔን ስንፈልግ ሰዓቱን ማን እንደወሰደው ሳናይ እንቀራለን።

እትዬ፦ ሼሁ ግን ከናንተ ሁሉ የተሻለ ነገር ጠይቀውኛል። ቴሌቪዥኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «የሚከፍለው ማን ነው?» አሉኝ። «የተሸነፈው» አልኳቸው። እንደምታውቀው በየጌም ቤቱ፣ በጆተኒውም በከረምቡላውም ሕጉ ያው ነው። «እንግዲያው ይሄ ቁማር ነው» ብለውኝ ሄዱ። አናደዱኝ። ሲያድር ግን ነገሩ ከነከነኝና ሁለቱም እኩል ይክፈሉ አልኩ።

ዲያቆን፦ ከዚያስ?

እትዬ፦ ጠብ ቀነሰ። ገቢም ቀነሰ! ለካ የተሸነፈው ልጅ ሦስትና አራት ጊዜ «ድገመኝ» የሚለው የከፈለውን ለማስመለስ ኖሯል። አንዱ የእናቱን የዳቦ ብር ጨርሶ ያለቀሰብኝ ጊዜ ነበር። አሁን ተሸንፎ ይሥቃል፤ ይሄዳል።

ዲያቆን፦ ይኸማ የሊቃውንት ክርክር ነው። ኢራን ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ቼዝን ከልክላ ነበር። በ1988 አያቶላ ኾሜኒ ውርርድ ከሌለበት ይፈቀድ ብለው ብያኔ ሰጡ። ጠጠሩ ያው ነው፤ ሰሌዳው ያው ነው፤ የተለየው ብሩ ነው። አሁን ደግሞ ቁማሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ልጁ በካርድ ብር ሞልቶ ምን እንደሚወጣለት የማያውቀውን የታሸገ ሣጥን ይገዛል፤ ሜሲ ይውጣ ማንም የማያውቀው ተከላካይ እንጃ። ቤልጅየም በ2018 ይህ ቁማር ነው ብላ አግዳዋለች። ሃይማኖት ሳትጠቅስ፣ በቁማር ሕጓ ብቻ።

(ቼዝ፣ በኛው ሰንጠረዥ፣ ከተነሣ አይቀር፦ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በኛ አገሩ ሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ደግሞ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጃቸው እንደቀናው ያንቀሳቅሳሉ። ጊዜው «ወረራ» ይባላል። ፋታ የማይሰጥ ጨዋታ ከጃፓን የመጣ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያይ ይገረማል።)

እትዬ፦ እሺ፣ ብሩን አስተካከልኩ። ጋኔኑንም አንተ ራስህ ተውከው። ምን ቀረህ?

ዲያቆን፦ ቅድም ሽንኩርት እከትፋለሁ አሉኝ። ሽንኩርቱ ያልቃል፤ ወጡም ይበስላል። የድሮው ጌም እንኳ ያልቅ ነበር፤ የመጨረሻውን ጠላት ገድለህ ትዘጋዋለህ። የዛሬው የስልክ ጌም እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ዛሬ ከገባህ ስጦታ አለህ፤ ነገም ከገባህ የበለጠ። አንድ ቀን ከቀረህ የቆጠርከው ይቋረጣል። የሳምንቱ ሥራ አለ። ሲዝን የሚባል አለ፤ እሱ ሲያልፍ ዕቃውም አብሮት ይሄዳል። ከኛ ግጻዌ የቀዱት ነው የሚመስለው! የዕለቱ አለ፣ የሳምንቱ አለ፣ የዓመቱ በዓል አለ። ያላከበረ ይቀርበታል። እኔ ልጁን የምሻማው ከእርስዎ ጋር ሳይሆን ከሌላ የቀን መቁጠሪያ ጋር ነው።

እትዬ፦ ይህን እንኳ እኔም አይቻለሁ። እኔ ጋ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ሲጫወቱ አዛን ካለ አንዱ ቁልፉን ይጫንና ጨዋታው ይቆማል። ሰግዶ ይመጣል፤ ኳሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም አይቀየምም። ስልኩ ላይ ፐብጂ የያዘው ግን ይቁነጠነጣል። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ትንሽ ነው» ይላል፤ ጀማዓው ያመልጠዋል።

ዲያቆን፦ ምክንያቱም ሌሎቹ መቶ ያህል ተጫዋቾች አይጠብቁትም። ማቆሚያ ቁልፍ የለውም። ሃይማኖት ሁሉ ደግሞ ቀድሞ የሚያስተምረው ማቆምን ነው። ሙያው እሱ ነው እላለሁ። በቀን አምስት ጊዜ አቁም፤ ረቡዕና ዓርብ አቁም፤ ሰንበት ሲገባ አቁም።

እትዬ፦ ከእስራኤል የመጣ የጎረቤቴ የወንድም ልጅ ነበር፤ ቤተ እስራኤል ናቸው። ዓርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት። ቅዳሜ ሙሉ ቀን የሰፈሩን ልጆች ከኋላ ቆሞ ሲያይ ዋለ እንጂ ጆይስቲክ አልነካም። ልጆቹ «ጨነቀህ?» ሲሉት «ቅዳሜ ለኔ ማንም አይደውልልኝም፤ ጌሙም አይጠራኝም፤ ዕረፍት ነው» አላቸው። ከሁሉም የበለጠ ጌመኛ እሱ ነበር እኮ! ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወተ።

ዲያቆን፦ አዩ፤ የዕለት ስጦታው ቀርቶበታል ማለት ነው። በየሳምንቱ ይቀርበታል። ያም ሆኖ አልሞተም። ይህን የቀመሰ ልጅ ጌሙ የሚለው «ያመልጥሃል» ባዶ ማስፈራሪያ መሆኑን ያውቃል።

እትዬ፦ የኛዎቹስ? እነሱም ይጾማሉ እኮ።

ዲያቆን፦ ከሥጋና ከቅቤ። ስልኩን ጹሙ ያልናቸው ቀን የለም።

እትዬ፦ ብትሏቸውስ? «እኔ እቆጣጠረዋለሁ» ነው የሚሉህ። ሁሉም የሚለኝ ይህንኑ ነው።

ዲያቆን፦ አሊጲዮስም ያለው ይህንኑ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ ጓደኛው ይተርካል። ሕግ ሊማር ሮም ገባ። ሰው ከሰው እየተጋደለ የሚሞትበትን ትርኢት ይጠላ ነበር። ጓደኞቹ ጎትተው ወሰዱት፤ እሱም ሰውነቴ እዚያ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ ብሎ ተማመነ። ጨፈነም። አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ ጮኸ፤ እሱም «እስቲ ምን እንደሆነ ልየው» ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ራሱ ተመላላሽ ሆነ፤ ሌሎችንም ይዞ ይሄድ ጀመር።

እትዬ፦ ጆሮውንም መድፈን ነበረበት።

ዲያቆን፦ አውግስጢኖስም የተመኘለት ይህንኑ ነው! ይህ ሰው በኋላ ጳጳስ ሆኗል፤ ደካማ ሰው አልነበረም። ያልተሰናዳ ብርታት ግን በአንድ ጩኸት ይፈታል።

እትዬ፦ ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ? አንዷ እናት ልጇን ሆስፒታል ወስዳ «ሱስ ነው» ተባልኩ ብላ መጣችብኝ።

ዲያቆን፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታ መዝገብ ውስጥ የጌም ሕመም አለ። ይገርመኛል፤ በቀን ይህን ያህል ሰዓት የተጫወተ ታመመ አይልም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መጀመርና ማቆም አቅቶታል ወይ? ከሌላው ኑሮው ሁሉ ጌሙ ቀድሟል ወይ? ጉዳቱን እያየ ይቀጥላል ወይ? ይህም በአብዛኛው ዓመት ያህል የቆየ መሆን አለበት። የንስሐ አባት የሚጠይቀው ጥያቄ እኮ ነው።

እትዬ፦ እንግዲያው ብዙ የሚጫወት ሁሉ አልታመመም።

ዲያቆን፦ አልታመመም። እንዲያውም ፕሌይስቴሽን የነበረው ቅዱስ አለ ብልዎ ያምኑኛል?

እትዬ፦ አሁን አንተ ነህ የምታሾፈው።

ዲያቆን፦ እውነቴን ነው፤ የካቶሊኮች ነው። ካርሎ አኩቲስ ይባላል፤ በ1991 ለንደን ተወልዶ ሚላን ያደገ ጣሊያናዊ። ኮምፒውተር አዋቂ ነበር፤ የቅዱስ ቁርባንን ተአምራት የሚያሰባስብ ድረ ገጽ ሠርቷል። በ2006፣ በ15 ዓመቱ፣ በደም ካንሰር ሞተ። በ2025 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። ፕሌይስቴሽን ይወድ ነበር፤ ግን ለራሱ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ መደበ። ዲያብሎስ ነው ብሎ አልጣለውም፤ ልኩን ቆረጠለት እንጂ።

እትዬ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት? ሁሉም ቅዱስ ቢሆንማ ኪራዬን ማን ይከፍልልኛል! (ሁለቱም ሣቁ።) ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁን ያስቻለው እምነቱ ነው ትለኛለህ። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነው። ካንተ ልጆች መካከል ቅዳሴ የማያስታጉል፣ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚደግም አለ። ስሙን አልነግርህም። ከሁሉም በላይ የሚያመሽብኝ እሱ ነው። ሌላው ደግሞ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ነው፤ 11 ሰዓት ሲሆን ግን ሳልጠራው ይነሣል። አባቱ ዳቦ ቤት አለው፤ ሊጥ የሚያቦካው እሱ ነው። ማኅሌት ጥናት ያላት ልጅም ትነሣለች፤ መድረሳ ያለውም ይነሣል። የሚጠብቀው ሰው ያለው ልጅ ይነሣል። ያ ቅዳሴ የማያስታጉለው ልጅ ግን ቤቱ ሲገባ ማንም የለም፤ እናቱ ቤይሩት ናት።

(ዲያቆኑ እዚህ ላይ ዝም አለ። ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም፦ ምእመን ልጅ ጌም የሚቀንሰው ስለሚያምን ነው ወይስ ጓደኛና ቀጠሮ ስላለው? ሁለቱ አንድ ላይ እየሄዱ መለየት ያስቸግራል። እኔ ለሴትየዋ አደላለሁ፤ ሆኖም እምነት ብቻውን ያስነሣው ልጅ አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። ከእስራኤል የመጣውን እንግዳ ቅዳሜ ማንም አልጠበቀውም ነበር።)

ዲያቆን፦ ቆይ... ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚደግመው? ባለፈው ዐቢይ ጾም ተሳልኩ ብሎኝ ነበር። ጌም እስከ ፋሲካ አልነካም ብሎ።

እትዬ፦ አልነካም፤ እውነቱን ነው። የፋሲካ ማግስት ግን ስከፍት በሩ ላይ አገኘሁት። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ አደረ ማለት ይቀላል። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል ነው የሚገባው። በጓሮ የሚገቡት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ የሚደበቁበት ምክንያት የላቸውም።

ዲያቆን፦ አፍሮ ነው። ኃጢአት ነው ብለን ነግረነዋላ። ያፍራል፤ ሲያፍር ከኛ ይሸሻል፤ ኀፍረቱን ሊረሳ ደግሞ ይጫወታል። አንድ የንስሐ አባት ለሌላ ልጅ የሰጡትን ቀኖና አስታወስኩ። «ጣለው» አላሉትም፤ «የማለዳ ጸሎትህን ሳታደርስ አትክፈተው፤ ከመኝታህ በፊትም ስልኩን ለእናትህ ስጥ» ነው ያሉት። ልጁ ቀለለው።

እትዬ፦ የእናቱ ቤይሩት ያለችውስ ለማን ይስጥ?

ዲያቆን፦ ለኔ ይስጥ። ማታ ማታ ሰርክ ጉባኤ ላይ አለሁ።

እትዬ፦ ማታውን አንተ ያዘው። ቀኑን ነው የምጠይቅህ። እኔ እስከ ቅዳሴ መውጫ ልዝጋ፤ ኪሳራውን እችላለሁ፤ ወደ ስድስት ቀን ነው የቀረው። የቆረበውን ካልቆረበው ለይቼ አስወጣለሁ ግን አልልህም፤ ያ የኔ ሥራ አይደለም። ልጆቹ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ዝናብ እየወረደ የት ይሂዱ? የናንተ አዳራሽ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው።

ዲያቆን፦ ወንበሩ ይሰበራል ይላሉ።

እትዬ፦ የኔም ወንበር ይሰበራል፤ አስበይዳለሁ። ገበጣ አስገባ፤ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልግ፤ ካስፈለገም ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አንዱን አውስሃለሁ፤ ማቆሚያ ቁልፍ ያለውን።

ዲያቆን፦ ፕሌይስቴሽን አዳራሽ ውስጥ! ሰበካ ጉባኤው ምን ይለኛል? ቁልፉም ያለው ቅድም ካሙት ሰውዬ ዘንድ ነው።

እትዬ፦ እሱን ለኔ ተወው። ነገ ከኪዳን በኋላ አገኘዋለሁ። አንተ ያንን ልጅ በፊት ለፊት በር ይዘኸው ና።